ገጹ ሳይታደስ መረጃ ማምጣት፦ ብራውዘሩ ይሠራው የነበረውን ማን ይሥራው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮችና ትምህርት ቤቶች አገልግሎታቸውን ወደ ድረ ገጽ ሲያመጡ ለባለሙያው ከሚሰጡት ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር አይጠፋም፦ «ተጠቃሚው ቁጥሩን ሲያስገባ ገጹ ሳይታደስ መረጃው እዚያው ይምጣለት»። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን እንደ ማሳመሪያ ሥራ መታየቱ ብዙ ገጽ አበላሽቷል። ገጽ በተለመደው መንገድ ሲጫን ብራውዘሩ ማንም ሳያዘው ብዙ ይሠራል። እየጠበቀ መሆኑን ያሳያል፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ይናገራል፣ ሰርቨሩ (ገጹን የሚልከው ኮምፒውተር) ሲወድቅ የስህተት ገጽ ያወጣል፣ ወደ ኋላ መመለሻውን ይይዛል። «ሳይታደስ ይምጣ» ባልን ሰዓት ይህን ሁሉ ሥራ ከብራውዘሩ ተረክበናል። ተረካቢው መረከቡን ካላወቀ ሥራው የማንም ሳይሆን ይቀራል። ነገሩን በፈተና ውጤት መመልከቻ ገጽ ላስረዳ፤ አንባቢም ያውቀዋል፣ ስህተቱም ከባድ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እንደ ጎርጎርሳውያን አቆጣጠር በ1999 ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5ን ሲያወጣ ከሰርቨር ጋር በጓሮ የሚነጋገር መሣሪያ አብሮት ነበር፤ የተፈለገውም ለአውትሉክ የድረ ገጽ ኢሜይል ነው። ጂሜይል በ2004፣ ጉግል ማፕስ በ2005 በሰፊው ሠሩበት፤ በዚያው 2005 ጄሲ ጄምስ ጋሬት «አጃክስ» የሚል ስም አወጣለት። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጽፈው ከ2015 ጀምሮ በብራውዘሮች ውስጥ በገባው «ፌች» በተባለው ትእዛዝ ነው። ጄኩዌሪ የተባለውን የኮድ ስብስብ ለዚህ ብቻ ብሎ መጫን አያስፈልግም።

ክፍሎቹ አራት ናቸው፦ ቁጥር የሚገባበት ፎርምና ውጤት የሚቀመጥበት ባዶ ቦታ ያለው ገጽ፣ ብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራው ኮድ ማለትም ጃቫስክሪፕቱ፣ ሰርቨር ላይ ጥያቄውን ተቀብሎ የሚመልሰው ፋይል፣ ከኋላው መረጃው የተቀመጠበት ዳታቤዙ። በርካሽ ሆስቲንግ ላይ በብዛት የሚገኙት ፒኤችፒ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋና ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ ስለሆኑ በእነሱ እናገራለሁ፤ በሌላ ቋንቋ ቢሠራም ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

ፎርሙ ያለ ጃቫስክሪፕትም የሚሠራ ሆኖ ይጻፍ፤ ፎርሙ ወዴት እንደሚላክ በሚናገረው «አክሽን» ላይ ትክክለኛ የገጽ አድራሻ ይኑርበት። ጃቫስክሪፕቱ ሲኖር ሰብሚቱን (የፎርሙን መላክ) ይይዝና ብራውዘሩ ገጹን እንዳይቀይር ይከለክላል፤ ቁጥሩን ከፊትና ከኋላ ካለ ባዶ ቦታ ያጸዳል፤ የመፈለጊያ ቁልፉን ይዘጋል፤ «በመፈለግ ላይ» የሚል ጽሑፍ ያወጣል፤ ከዚያ በፌች ይጠይቃል። ቁልፉ ሳይዘጋ ጥያቄው ከሄደ ትዕግሥት ያለቀበት ተፈታኝ አምስት ጊዜ ሲነካው አምስት ጥያቄ ይሄዳል። ምላሹ ሲመጣም ሆነ ሳይመጣ ሲቀር ቁልፉ መከፈት አለበት፤ መክፈቻው ቢሳካም ባይሳካም በሚሠራው «ፋይናሊ» ውስጥ ካልተጻፈ አንድ ጊዜ ኔትወርክ ሲቋረጥ ቁልፉ ተዘግቶ ይቀራል። አክሽኑ ለምን እንዳስፈለገ ለሚጠይቅ፦ ኦፔራ ሚኒ ዳታ በሚቆጥበው አሠራሩ ጃቫስክሪፕቱን የሚያስኬደው ስልኩ ላይ ሳይሆን በኦፔራ ሰርቨር ላይ ነው። ፊደል በተነካ ቁጥር ይፈልጋል የተባለ ገጽ እዚያ ዝም ይላል፤ አክሽን ያለው ፎርም ግን ገጹን አድሶም ቢሆን ውጤቱን ያመጣል።

ሰርቨሩ ላይ የገባው ቁጥር ዳታቤዙ ከሚጠየቅበት የኤስኪውኤል ጽሑፍ ጋር ተቀጣጥሎ አይሄድም። ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር በሚነጋገርበት የፒዲኦ ፕሪፔርድ ስቴትመንት ቦታው በጥያቄ ምልክት ተይዞ እሴቱ ለብቻው ይላካል፤ አለዚያ ነጠላ ጥቅስ አስገብቶ የሰውን ሁሉ ውጤት የሚያወጣ አይጠፋም። የሚመረጡት ዓምዶች ደግሞ በስማቸው ይጠሩ። ሁሉንም ዓምድ በኮከብ ምልክት ጠርቶ ገጹ ላይ ሦስቱን ብቻ ማሳየት የተለመደ ስንፍና ነው፤ የቀሩት፣ ስልክ ቁጥሩም የትውልድ ቀኑም፣ ብራውዘሩ ድረስ መጥተዋል። የዴቨሎፐር መሣሪያውን ከፍቶ ኔትወርክ የሚለውን ክፍል ያየ ሁሉ ያነባቸዋል። የአንድ ተፈታኝ ውጤት በጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ በሚለዋወጡበት የጽሑፍ ቅርጽ) ሲላክ ከ500 ባይት ብዙም አይበልጥም። ይህን እያወቁ ሠንጠረዡን በሙሉ አውርደው በጃቫስክሪፕት የሚያጣሩ ገጾች አሉ፦ 100,000 ተፈታኝ በ150 ባይት ቢያዝ 15 ሜጋባይት ነው፤ የገዛው ዳታ ያለቀበት ተማሪ ለሌሎች ሰዎች ውጤት ከፈለ ማለት ነው፤ የግል መረጃቸውም አብሮ ወጣ።

እዚህ ላይ የሚጋነን አንድ ነገር ላስተካክል። ገጹን አለማደስ ሁልጊዜ ብዙ ዳታ ይቆጥባል ይባላል። ምስሉ፣ ፎንቱና ስታይል ፋይሉ በትክክል ካሽ ከተደረጉ (ብራውዘሩ ውስጥ ከተቀመጡ) ግን ገጽ ሲታደስ ዳግም አይወርዱም፤ የሚመጣው የገጹ ኮድ የሆነው ኤችቲኤምኤሉ ብቻ ነው፣ እሱም በጂዚፕ ታምቆ። ቁጠባው ትልቅ የሚሆነው ገጹ ራሱ ከባድ ሲሆንና ተጠቃሚው ደጋግሞ ሲፈልግ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ለሚታይ ውጤት ተራ ፎርም ይበቃል፤ ይህን ለደንበኛው መንገር የባለሙያው ግዴታ ይመስለኛል።

ምላሹ ገጹ ላይ ሲሰፍር በኢነር ኤችቲኤምኤል ሳይሆን በቴክስት ኮንቴንት ይሁን። ዳታቤዝ ውስጥ ያለ ስም ከየት እንደገባ አይታወቅም፤ አንድ ሰው በስም ቦታ የስክሪፕት ኮድ አስመዝግቦ ከሆነ ኢነር ኤችቲኤምኤል በተመልካቹ ስልክ ላይ ሊያስኬደው ይችላል። ቴክስት ኮንቴንት እንደ ጽሑፍ ብቻ ያስቀምጠዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከዳታቤዝ ሊመጣ የሚችለው መልስ «አለ» ወይም «የለም» ብቻ ተደርጎ ይታሰባል። ሦስተኛ አለ፦ «ማወቅ አልቻልኩም»። ብዙ ገጾች ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀላቅለው «ውጤት አልተገኘም» ይላሉ። ሰርቨሩ የተጨናነቀ ዕለት ይህን ያነበበ ተፈታኝ ውጤቱ የተሰረዘበት ይመስለዋል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከፌች ጠባይ ይመጣል። ፌች ሰርቨሩ 404 (ገጹ የለም) ወይም 500 (ሰርቨሩ ተበላሽቷል) የሚል የሁኔታ ቁጥር ቢመልስም እንደ ስህተት አይቆጥረውም፤ ስህተት የሚለው ጨርሶ መገናኘት ሲያቅተው ብቻ ነው። ስለዚህ ስህተት የሚይዘውን «ካች» ጽፌያለሁ ብሎ የተዝናና ፕሮግራመር የሰርቨሩን ውድቀት አልያዘም። ሰርቨሩ «ኮኔክሽን በዝቷል» የሚል ጄሰን ሲልክ ኮዱ ውስጡ የውጤት መስክ ይፈልጋል፣ ያጣል፣ «አልተገኘም» ብሎ ይጽፋል።

መፍትሔው እንዲህ ነው። ጄሰኑን ከማንበብ በፊት መሳካቱን የሚናገረው የምላሹ «ኦኬ» እውነት መሆኑ ይታይ። ሰርቨሩ ዳታቤዙን መጠየቅ ካቃተው ስህተቱን በራሱ ሎግ (የክንውን መዝገብ) ይመዝግብና 503 (አሁን አልችልም) ይመልስ፤ የዳታቤዙን የስህተት ጽሑፍ ወደ ውጭ አይላክ፤ የሠንጠረዥ ስም ያጋልጣል። በዚያ ቁጥር የተመዘገበ ሰው ከሌለ ደግሞ ምን ይመለስ? ብዙ ባለሙያዎች 404 ይላሉ። ለዚህ ዓይነት ገጽ ግን 200 (ተሳክቷል) ሆኖ ውስጡ ሁኔታውን በግልጽ የሚናገር መስክ ቢኖር ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ሰው ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ሲያዛውር ሰርቨሩ የሚመልሰውም 404 ነውና፤ ያኔ ገጹ አገር ለሞላ ተፈታኝ «አልተመዘገባችሁም» ይላል። 404 ሁሉ የገጹ ብልሽት ተደርጎ ከተያዘ ይህ አይደርስም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ የራሱ ጽሑፍ ይኑረው። ቁጥሩ ከሌለ፦ «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ ተፈታኝ የለም፤ ቁጥሩን ያረጋግጡ»። ሰርቨሩ ካልቻለ፦ «አሁን ማየት አልተቻለም፤ ውጤትዎ አልጠፋም፤ ገጹ ራሱ ደግሞ ይሞክራል»። ግንኙነት ከሌለ፦ «ኢንተርኔት ተቋርጧል»። ጄሰን መሆን የነበረበት ምላሽ በማዕዘን ቅንፍ ሲጀምር ኮንሶሉ (የዴቨሎፐር መሣሪያው የመልእክት ክፍል) ላይ «አንኤክስፔክትድ ቶክን» የሚል መልእክት ይወጣል፤ ብዙውን ጊዜ ፒኤችፒው የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ከጄሰኑ ፊት አትሞ ነው። ሥራ ላይ በዋለ ሰርቨር የስህተት ማሳያው ጠፍቶ ሎጉ ብቻ መብራት አለበት። ይህም ከሦስተኛው ወገን ነው፣ «የለም» አይደለም።

ፌች የራሱ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ጥያቄን በሚያቋርጠው አቦርት ኮንትሮለር ገደብ እንሰጠዋለን። ገደቡ ሲያጥርም ጉዳት አለው። ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ ቀስ ያለ ኔትወርክ ላይ ያለ ሰው በ5 ሰከንድ ከተቋረጠበትና ገጹ ደግሞ ከጠየቀ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ሰርቨሩ ላይ አልቆመም፤ ፒኤችፒ ሰውየው መሄዱን የሚያውቀው መልሱን ለመላክ ሲሞክር ነው። አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆነ ማለት ነው። 15 ወይም 20 ሰከንድ ሰጥቶ፣ ከዚያ በ2፣ በ4፣ በ8 ሰከንድ እያራራቁ መሞከር፣ በየመሐሉም የዘፈቀደ ክፍልፋይ ሰከንድ መጨመር ይገባል። የዘፈቀደው ካልተጨመረ በአንድ ጊዜ የወደቁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ሰርቨሩ ቀና ሊል ሲል ዳግም ይጥሉታል።

ስለ ጫና ከተነሣ ሒሳቡ ቀላል ነው። ፒኤችፒው 50 ጥያቄ በአንዴ የሚያስተናግድ ቢሆንና አንዱ ጥያቄ 0.02 ሰከንድ ቢወስድ በሰከንድ 2,500 ሰው ይስተናገዳል። የመመዝገቢያ ቁጥሩ ዓምድ ላይ ኢንዴክስ (ረድፉን ቶሎ የሚያስገኝ ማውጫ) ከሌለና ጥያቄው 2 ሰከንድ ቢፈጅ በሰከንድ 25 ብቻ ነው። ተጨማሪ ሰርቨር ከመግዛት በፊት ኤክስፕሌይን የሚለውን ትእዛዝ ከጥያቄው ፊት አስቀምጦ ስንት ረድፍ እንደሚያነብ ማየት ይበጃል። ኢንዴክስ እያለም የማይሠራበት አንድ መንገድ አለ፦ ዓምዱ ቫርቻር (የጽሑፍ ዓይነት) ሆኖ ጥያቄው በቁጥርነት ከመጣ ማይኤስኪውኤል እያንዳንዱን ረድፍ ወደ ቁጥር መለወጥ ስላለበት ኢንዴክሱን ይተወዋል። እሴቱን እንደ ጽሑፍ መላክ ነው።

«ውጤት ወጣ ወይ» እያለ በየ5 ሰከንዱ የሚጠይቅ ገጽ ደግሞ 50,000 ሰው ሲከፍተው በሰከንድ 10,000 ጥያቄ ያመጣል። በየደቂቃው ቢሆን 833 ገደማ ነው። ከዚህም በላይ፣ ተጠቃሚው ወደ ሌላ ታብ ሲሄድ ወይም ስልኩን ሲዘጋ መጠየቁ ይቁም፤ ብራውዘሩ ገጹ መታየት አለመታየቱን ይናገራል። ውጤት አንዴ ከወጣ ብዙ ስለማይቀያየር እያንዳንዱን ጥያቄ ዳታቤዝ ድረስ መላክም ግድ አይደለም፤ መረጃን በሜሞሪ በሚይዙት ሬዲስ ወይም ሜምካሽድ ላይ አስቀምጦ መመለስ ይቻላል። ብራውዘሩ ግን የግል ውጤትን እንዳያስቀምጥ «ኖ ስቶር» የሚለው ሄደር (ከምላሹ ጋር የሚሄድ መመሪያ) ይላክ፤ በኢንተርኔት ካፌ ኮምፒውተር የሚያይ ብዙ ነው። ቁጥሩ በአድራሻው መስመር ላይ እንዳይቀርም ጥያቄው እሴቱን አድራሻው ውስጥ በማይጽፈው በፖስት ቢሄድ ይመረጣል።

ፒኤችፒ ላይ የሚደበቅ አንድ መዘግየት አለ። ሴሽን (ሰርቨሩ ስለ አንድ ተጠቃሚ የሚያስታውሰው መረጃ) በፋይል ሲያዝ የአንድ ተጠቃሚ አንዱ ጥያቄ እስኪያልቅ የዚያው ተጠቃሚ ሌላ ጥያቄ ተራ ይጠብቃል። ገጹ ሦስት ነገር በአንዴ ሲጠይቅ ሦስቱም ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ሰው ኔትወርኩን ይወቅሳል። ሴሽኑ ተነቦ እንዳለቀ ቶሎ መዝጋት ያቃልለዋል።

የመመዝገቢያ ቁጥሮች ተከታታይ ከሆኑ ከአንድ ጀምሮ እየቆጠረ ሁሉንም የሚያወርድ ፕሮግራም መጻፍ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። በገጽ መታደስ ዘመንም ይቻል ነበር፤ ንጹህ ጄሰን ሲመለስ ግን ይበልጥ ቀለለ። ከቁጥሩ ጋር ስም መጠየቅ ይረዳል፤ የጥያቄ ብዛት ገደብም ያስፈልጋል። ገደቡን በአይፒ አድራሻ ብቻ ማድረግ ግን ያሳስታል። የሞባይል ኦፕሬተር ብዙ ደንበኞችን በአንድ የውጭ አድራሻ ስለሚያወጣ በደቂቃ 10 ብሎ የገደበ ሰርቨር የማይተዋወቁ ሰዎችን በጅምላ ያግዳል። ገደቡ በሚጠየቀው ቁጥርና በተሳሳተ ሙከራ ብዛት ላይ ቢመሠረት ይሻላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የባለሙያ ምርጫ ብቻ ሆኖ አይታይም።

ሌላው በአማርኛ ብቻ የሚገጥመን ጉዳይ ነው፤ የውጭ አገር ማስተማሪያ ውስጥ ስለማይገኝ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። እየተጻፈ እያለ የሚፈልግ ሳጥን፣ ለምሳሌ የከተማ ወይም የትምህርት ቤት ስም የሚመርጥ፣ በላቲን ፊደል ሲሠራ የተጻፈው ሁሉ የመጨረሻው ቃል መጀመሪያ ነው፤ ዝርዝሩም እየጠበበ ይሄዳል። በእኛ በድምፅ በሚጻፍ ኪቦርድ ግን ሳድሱ ቀድሞ ይወጣና አናባቢው ሲነካ ይለወጣል። «ደሴ» ልጽፍ ያለ ሰው መጀመሪያ «ድ» ይወጣለታል፤ ገጹም ድሬዳዋን ያመጣለታል። ቀጥሎ «ደ»፣ ከዚያ «ደስ»፣ መጨረሻ ላይ «ደሴ»። «ደስ» ለ«ደሴ» መነሻ ስላልሆነ ዝርዝሩ አይጠብም፣ ይዘላል። አንዳንድ ኪቦርዶች ፊደሉ ገና እየተሠራ መሆኑን ለብራውዘሩ ስለሚያሳውቁ ኮምፖዚሽኑ እስኪያልቅ መጠበቅ ይቻላል፤ ሁሉም ግን አያሳውቁም። ስለዚህ ዋናው መከላከያ መዘግየት ነው፦ የመጨረሻው ፊደል ከተነካ 400 ሚሊሰከንድ ገደማ ሳያልፍ አለመጠየቅ።

በዚያ ላይ ምላሾች በጠየቁበት ቅደም ተከተል አይመጡም። የ«ድ» መልስ ብዙ ረድፍ ስላለው ከ«ደሴ» መልስ በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ ሳጥኑ ውስጥ ደሴ ተጽፎ ከሥሩ ድሬዳዋ ይታያል። አዲስ ጥያቄ ሲነሣ የቀደመውን በአቦርት ኮንትሮለር መሰረዝ፣ ወይም ለየጥያቄው ተራ ቁጥር ሰጥቶ ከመጨረሻው ቁጥር ጋር የማይገጥመውን ምላሽ መጣል ያስፈልጋል። ኔትወርኩ ፈጣን በሆነበት ቢሮ ውስጥ ይህ ስህተት አይታይም፤ ስለዚህ ሳይያዝ ይወጣል።

«ቢያንስ ሦስት ፊደል ሲጻፍ ፈልግ» የሚለው ልማድም ከላቲን የመጣ ነው። ደሴ፣ ጎባ፣ ሞጣ ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው፤ መቼም አይፈለጉም። ማይኤስኪውኤል ራሱ በጽሑፍ ውስጥ ቃል በሚፈልግበት ፉል ቴክስት ኢንዴክሱ ይህን ልማድ ይዟል፦ በኢኖዲቢ የሠንጠረዥ ዓይነት የቃል ትንሹ ርዝመት ሲጫን 3 ነው፣ በማይኢሳም 4። ገደቡ ወደ 2 ወርዶ ኢንዴክሱ እንደገና ካልተሠራ «ደሴ» ብሎ መፈለግ ባዶ ይመልሳል፤ ሠንጠረዡ ውስጥ ግን አለ። ቃሉ ከመጀመሪያው የሚፈለግ ከሆነ የኤስኪውኤሉ «ላይክ» ትእዛዝ ከቃሉ በኋላ ብቻ በመቶኛ ምልክት ቢጻፍ ኢንዴክስ ይጠቀማል፤ ምልክቱ ከፊትም ከተጨመረ አይጠቀምም።

ሞክሼ ፊደላትን ዳታቤዙ አያውቅም። ሐዋሳና ሀዋሳ፣ ፀሐይና ጸሀይ፣ ኃይሉና ሀይሉ ለእሱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። መፍትሔው ሁለተኛ ዓምድ ነው፦ ስሙ እንደተመዘገበ በአንዱ ይቀመጣል፣ በሌላው ደግሞ ሐ፣ ኀና ቤተሰባቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ተለውጠው ይቀመጣሉ። ሃ እና ሀ፣ ዓ እና አ በአነባበብ አንድ ስለሆኑ አብረው ይታጠፋሉ። ተጠቃሚው የጻፈውም በዚያው ፈንክሽን ከተለወጠ በኋላ ነው የሚፈለገው። የሚታየው ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያው ዓምድ ነው፤ የሰውን ስም አጻጻፍ ማረም የገጹ ሥራ አይደለም። አዋሳ ብሎ ለሚጽፍ ደግሞ ተለዋጭ ስም የሚይዝ ትንሽ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፤ በፊደል ማጠፍ ብቻ አይደረስበትም።

ኤስኪውኤል ሰርቨር የተባለውን የማይክሮሶፍት ዳታቤዝ የሚጠቀሙ መሥሪያ ቤቶች የሚገጥማቸው ደግሞ ተቃራኒው ነው። በአሮጌዎቹ ኮሌሽኖች (የፊደል ማወዳደሪያ ደንቦች) የግዕዝ ፊደል ክብደት ስላልተሰጠው አንዱን ስም ሲፈልጉ ሌላውም እኩል ነው ተብሎ ይመጣል። ስሙ ውስጥ 100 የሚል ያለበትን አዲሱን ኮሌሽን መምረጥ፣ ከጥቅሱም ፊት «ኤን» የምትለዋን ፊደል መጻፍ ያስፈልጋል፤ ያለ እሷ አማርኛው በጥያቄ ምልክት ተተክቶ ይገባል። በማይኤስኪውኤልም ሠንጠረዡ አማርኛ በማይዘው በላቲን ኮድ ሆኖ ግንኙነቱ አማርኛ በሚይዘው በዩቲኤፍ ከተከፈተ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ሊመዘገብ ይችላል፤ አንዴ እንዲህ ከተመዘገበ ዋናው ፊደል ጠፍቷል፣ ቅንብር በማስተካከል አይመለስም። ሠንጠረዡም ግንኙነቱም ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ይሁን። ተራው የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ አሮጌው ዩቲኤፍ 8 ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እንደ ጎርጎርሳውያን በ2021 ለጉራጊኛ የተጨመሩት ፊደላት ግን 4 ባይት ይፈልጋሉ።

ፒኤችፒ ጄሰን ሲሠራ ካልተነገረው በስተቀር እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል በ6 ቁምፊ ኮድ ይተካዋል፤ 3 ባይት የነበረው 6 ሆነ። ዩኒኮዱን እንዳይለውጥ የሚያዘው አማራጭ አለ፤ ጽሑፍ የበዛበት ዝርዝር ላይ ልዩነቱ ይታያል። እሴቱ አድራሻው ውስጥ በሚጻፍበት በጌት ሲላክ ደግሞ አንድ ፊደል 9 ቁምፊ ይሆናል፤ ረጅም አማርኛ በአድራሻ መስመር መላክ አይመከርም። አንድ የተበላሸ ባይት ያለው ስም ከመጣ የጄሰን መሥሪያው «ፎልስ» መልሶ ባዶ ገጽ ይልካል፤ መቶ ረድፍ በአንድ ረድፍ ምክንያት ይጠፋል።

ቁጥሮችም ያታልላሉ። በዴሲማል (የአሥርዮሽ ቁጥር) ዓምድ የተያዘ የፈተና ነጥብ ጃቫስክሪፕት ጋ የሚደርሰው እንደ ጽሑፍ ነው። 95.50 እና 80.00 ሲደመሩ 95.5080.00 ይሆናሉ። ድምሩ ሰርቨሩ ላይ ቢሠራ ይሻላል። በሌላ በኩል መለያ ቁጥር እንደ ቁጥር መላክ የለበትም። ጃቫስክሪፕት ሳያዛባ የሚይዘው ትልቁ ሙሉ ቁጥር 9,007,199,254,740,991 ነው፤ 16 አኃዝ ያለው የፋይዳ ካርድ ቁጥር ከዚህ ሊበልጥ ስለሚችል የመጨረሻው አኃዝ በጸጥታ ይለወጣል። በ09 የሚጀምር ስልክም ዜሮውን ያጣል። ሁለቱም በጥቅስ ውስጥ ይሂዱ።

ቀን ዳታቤዝ ውስጥ በጎርጎርሳውያን ይያዝ፤ ማሳያ ላይ ብራውዘሩ ራሱ የኢትዮጵያን ካሌንደር ስለሚያውቅ «ኢንትል» በተባለው መሣሪያ መለወጥ ይቻላል። «መጨረሻ የታደሰው» ተብሎ ሰዓት ሲጻፍ ግን «ከቀኑ 8 ሰዓት» መሆኑን በቃል ጨምሩ፤ 8፡00 ብቻ ከሆነ ግማሹ አንባቢ ጠዋት ነው ይላል።

የማስታወቂያ ወይም የሥራ ዝርዝር ለሚያሳይ ገጽ፣ ማጣሪያው ሲቀየር አድራሻውም ገጹን ሳያድስ በሚቀይረው ፑሽ ስቴት ይቀየር። አለዚያ በቴሌግራም ሊንኩን የተቀበለ ሰው ሌላ ነገር ያያል፣ ወደ ኋላ የተጫነም ከገጹ ይወጣል። ለዓይነ ስውራን ደግሞ ውጤቱ የሚሰፍርበት ቦታ ላይ «አሪያ ላይቭ» የሚለው ምልክት ይጻፍ፤ ገጹ ስላልታደሰ ጽሑፉን የሚያነብላቸው ስክሪን ሪደር ለውጡን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም። ገጹና መረጃው በተለያየ አድራሻ ላይ ከሆኑ ብራውዘሩ ይከለክላል፤ ሦስቱ ደብልዩ ያለበትና የሌለበት አድራሻም ለእሱ ሁለት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱን ወደ ሌላው ማዞር ያስፈልጋል።

ገጽ አሠርተው የሚረከቡ መሥሪያ ቤቶች የርክክብ ሙከራውን በቢሮ ዋይፋይ ብቻ ባያደርጉት እመኛለሁ። ክሮም ውስጥ በኔትወርክ ክፍል ፍጥነቱን ወደ 3ጂ አውርዶ መሞከር ይቻላል። ቁልፉ ከተጫነ በኋላ ግንኙነቱን «ኦፍላይን» አድርገው ጽሑፉን ያንብቡ፤ ቁልፉ ተመልሶ መከፈቱን ይዩ። ዳታቤዙን አስቁመው በእርግጥ ያለ ቁጥር ያስገቡ፤ ገጹ «አልተገኘም» ካለ አይረከቡት። ከዚያ ሠንጠረዡ ውስጥ የሌለ ቁጥር ያስገቡና መልእክቱ ከቀደመው መለየቱን ያረጋግጡ። በኦፔራ ሚኒ ይክፈቱት። ፀሐይ የሚባል ሰው በጸሀይ ይፈልጉ። የጫና ሙከራ ሲደረግም ባዶ ሠንጠረዥ ላይ ሳይሆን በእውነተኛው ቁጥር ልክ በተሞላ ሠንጠረዥ ላይ ይሁን፤ 200 ረድፍ ላይ ኢንዴክስ መኖር አለመኖሩ አይለይም።

ከአክብሮት ጋር፣
የድረ ገጽ ሶፍትዌር ባለሙያ
አዲስ አበባ